ኦራልን ለማሳነስ ከጎማዋ መጀመር

ኦራል ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ብዙም አይገኝም። አፍንጫዋ ወደፊት የወጣ፣ የጎማዋ ቁመት ከሰው ወገብ የሚያልፍ፣ ኋላዋ በሸራ የተሸፈነ፣ ስድስቱም እግሯ የሚገፋ የጭነት መኪና ናት። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ወታደርና ስንቅ ስታመላልስ ኖራለች፤ ክረምት ሲገባ ሌላው መኪና ተይዞ በሚቀርበት ጭቃ ውስጥ ማለፏም ስሟን አስጠርቷል። ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ የቡናውንና የጫካውን አገር እያቋረጠ ወደ ቱም የሚዘልቀውን መንገድ በዝናብ ወራት ያየ ሰው፣ ይህ ስም ለምን እንደተከበረ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህችኑ መኪና በጠረጴዛ ላይ በምትቆም ልክ አሳንሶ፣ በሪሞት የምትነዳ አድርጎ መሥራት በዓለም ላይ ብዙ አፍቃሪ ያለው ሙያ ነው። በእኛም አገር ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሠርቶ፣ መሪዋን በረጅም ዘንግ እያዞረ የነዳ ልጅ በየመንደሩ ስላለ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የሚጎድለው ዕቅዱ ነው። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲያስብ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጋቢናው ላይ ነው፤ ወረቀት ያወጣና ኮፈኑን፣ መስታወቱንና መብራቱን ይስላል፤ ከዚያ ለሣለው ጋቢና የሚሆን እግር ፍለጋ ይወጣል። እኔ የምከራከረው ይህ አጀማመር ሥራውን ከመነሻው ያበላሸዋል ብዬ ነው። ዕቅዱ መነሳት ያለበት ሠሪው በእጁ ሊሠራው ከማይችለው ነገር፣ ማለትም ከጎማው ነው። ከጎማው ቀጥሎ መኪናዋ የምትሄድበት መሬት ይታሰባል። ጋቢናው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ እውነተኛዋን እንለካት። እኛ ኦራል የምንላት ኡራል 375 በሶቭየት ኅብረት፣ ሚያስ በምትባል ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 መመረት ጀመረች፤ 375ዲ የሚባለው የተሻሻለው ዓይነት ከ1964 ወዲህ የመጣ ነው። በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት የሶቭየት መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ሲገባ ስሟ በሠራዊቱ ውስጥ ሥር ሰደደ፤ ቢኤም 21 የተባለው ባለ 40 አፈሙዝ ሮኬት ተኳሽም የሚጫነው በዚችው መኪና ሻንሲ ላይ ነበር። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ መጠጣቱ የታወቀ ጉድለቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጣችው ኡራል 4320 ይህን በ210 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር ተክታዋለች። ሞዴል ሠሪውን ግን የሚያሳስበው የቤንዚን ወጪዋ ሳይሆን ልኳ ነው። የ375ዲ ርዝመት 7.35 ሜትር፣ ስፋቷ 2.7 ሜትር ገደማ ነው። ከፊተኛው አክስል እስከ መሃለኛው 3,525፣ ከመሃለኛው እስከ ኋለኛው 1,400 ሚሊ ሜትር ነው። ባዶዋን 8.4 ቶን ትመዝናለች፣ በደህና መንገድ 5 ቶን ትጭናለች። ጎማዋ 14.00–20 የሚባለው ሲሆን ቁመቱ 1,260 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

ለጀማሪ ሠሪ ከእሷ የተሻለ ምርጫ ማግኘት ያዳግታል። በአገራችን መንገድ ላይ ስሟ ከኦራል የማያንሰውን ፊያት ኤን ትሬን አሳንሶ መሥራት ቢፈለግ፣ ክብ ፊቷን ከላሜራ ለማውጣት የለመደ ቀጥቃጭ ያስፈልጋል፤ የኋላ ጎማዋም ጥንድ ጥንድ ስለሆነ ጎማውም ቸርኬውም ይበዛል። ኦራል ግን ኋላዋም ነጠላ ጎማ ነው፤ ስድስት አንድ ዓይነት ጎማ ከተገኘ እግሯ ተሟላ። ጋቢናዋም ቢሆን አብዛኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ፓራፋንጎዋ ሳይቀር ላሜራ በማጠፍ የሚወጣ ነው። የሩስያ መሐንዲሶች ይህን ያደረጉት ለሞዴል ሠሪ አስበው አይደለም። ውጤቱ ግን ለእሱም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ጎማው እንመለስ። ሻንሲ ከላሜራ ይታጠፋል፣ ስፖንዳ ከጣውላ ይሰነጠቃል፣ ዘንግ ቶርኖ ቤት ይወጣል። ለስላሳ፣ ጥርስ ያለው፣ ስድስቱም እኩል የሆነ የጎማ ቅርጽ ግን ያለ ሻጋታና ያለ ሙቀት አይገኝም። ስለዚህ ሠሪው ያለው አማራጭ ገበያ ላይ ካለው ውስጥ መምረጥ ብቻ ነው። ገበያው ደግሞ በራሱ መለኪያ ነው የሚሄደው። በሪሞት ለሚነዱ የገደል መኪኖች በብዛት የሚሠራው 1.9 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባ ጎማ ሲሆን፣ የውጭ ቁመቱ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። እውነተኛውን 1,260 በ12 ስናካፍል 105 ይመጣል። እንግዲህ 105 ሚሊ ሜትር ጎማ ያገኘ ሰው፣ የመኪናዋ ልክ ሌላው ሁሉ ከመወሰኑ በፊት ተወስኖለታል፤ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። ርዝመቷ 61 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከፊት አክስል እስከ መሃል 294፣ ከመሃል እስከ ኋላ 117 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጥርሱም አቅጣጫ ይታይ፤ የኦራል ጎማ እንደ ትራክተር ጎማ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ጥርስ ስላለው፣ የግራና የቀኙ ተለይቶ መግባት አለበት።

«አሥር ሚሊ ሜትር ማን ያያል? 115 ሚሊ ሜትር ጎማ ካለኝ በዚያው በአንድ ለአሥራ ሁለቱ ልክ ልሥራ» የሚል ይኖራል። ነገሩ ለዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው እውነት አለው። የሚያስቸግረው የኋላው ጥንድ አክስል ነው። በእውነተኛዋ ላይ በመሃለኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ያለው ክፍተት 140 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ግዙፍ ጎማ ይህ ጠባብ ነው። በአንድ ለአሥራ ሁለት ሲቀነስ 12 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ይቀራል። 115 ሚሊ ሜትር ጎማ ሲገባ ክፍተቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ባሌስትራው አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል ጎማዎቹ ይፋጫሉ፣ መሃላቸው የገባ ጠጠርም መኪናዋን ያቆማታል። 120 ሲሆን ጭራሽ አይገቡም። መፍትሔው አክስሎቹን ማራራቅ ነው ቢባል ሻንሲው ይረዝማል፣ ሻንሲው ሲረዝም የጭነት ሳጥኑ ይረዝማል፣ በመጨረሻም ያቺ መኪና ኦራል መሆኗ ይቀራል። 115 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው ሰው ማድረግ ያለበት ሁሉንም ልክ ለ11 ማካፈል ነው። አንድ ለአሥራ አንድ የሚባል የተለመደ ልክ የለም፤ ግን ማን ይከለክለዋል?

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ሌላ ነው። ቻይና ውስጥ ደብሊውፒኤል የሚባል ድርጅት ቢ36 በሚል ስም ኦራልን በአንድ ለአሥራ ስድስት ልክ፣ ስድስቱም እግሯ የሚገፋ አድርጎ ይሸጣል። ተዘጋጅታ የምትሸጥ እያለች ለምን መድከም? እኔ መግዛቱን አልቃወምም፤ እንዲያውም አንዷን ገዝቶ ፈታ አድርጎ ማየት ከብዙ ሥዕል የበለጠ ያስተምራል። በተለይ የመሃለኛው አክስል እንዴት ኃይሉን ለራሱ ወስዶ የተረፈውን ለኋለኛው እንደሚያሳልፍ በእጅ ይዞ ማየት ጠቃሚ ነው። ዕቅድ ላይ በብዛት የሚረሳውም ይኸው ነው፤ አሳላፊ የሆነ የመሃል አክስል ሳይገኝ ሦስት ተራ አክስል የገዛ ሰው፣ ኋለኛው እግሩ የሚጎተት መኪና ይዞ ይቀራል። ነገር ግን ያቺ ዝግጁ መኪና ማርሾቿ ፕላስቲክ፣ ሞተሯ ትንሽ፣ ጎማዋም 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሳሎን ምንጣፍና ለሲሚንቶ በረንዳ ትሆናለች። ለሚዛን ወይም ለቱም ግቢ ትሆናለች ወይ የሚለው መልስ ያለው መሬቱ ላይ ነው።

መሬት ከመኪና ጋር አብሮ አያንስም። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ዕቅዱን ሁሉ ይቀይረዋል። መኪናዋን በሁሉም አቅጣጫ 12 ጊዜ ስናሳንሳት ክብደቷ በ12 ብቻ ሳይሆን በ1,728 ይካፈላል፤ ጎማዋ መሬት የሚነካበት ስፋት ግን በ144 ብቻ ነው የሚካፈለው። ስለዚህ መሬቱ ላይ የምታሳርፈው ጫና ከእውነተኛዋ 12 ጊዜ ያንሳል። በዚህ ምክንያት ትንሿ ኦራል ትልቋ በምትሰጥምበት ረግረግ ላይ ተንሳፋ ልታልፍ ትችላለች። የሚያስደስተው ዜና እዚህ ላይ ያበቃል። የሸክላ አፈር ከጎማ ጋር የሚጣበቅበት ኃይል የሚሰላው በክብደት ሳይሆን በስፋት ነው፤ ስለዚህ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ትንሿን የሚይዛት ሙጫ ከትልቋ 12 እጥፍ ይበልጣል። በሚዛን ዙሪያ ያለው የቤንች ቀይ አፈር እርጥብ ሲሆን የጥርሱን መሃል ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል፤ ትልቋ መኪና ይህን ጭቃ በክብደቷና በፍጥነቷ አሽቀንጥራ ትጥለዋለች፣ ትንሿ ግን ተሸክማው ትዞራለች። ድንጋዩም እንዲሁ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ ጠጠር ለእሷ 60 ሳንቲ ሜትር አለት ነው፤ ከአክስሏ እስከ መሬት ያለው ክፍተት ደግሞ 33 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ለአሥራ ስድስት ቢሆን ይህ ወደ 25 ይወርዳል። ጠጠር በሚበዛበት ግቢ ትልቁ ልክ የሚመረጠው ለዚህ ነው፣ ለኩራት አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። እውነተኛዋ ኦራል ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ የጎማዋን አየር ከ3.2 ወደ 0.5 ባር ማውረድና መልሶ መሙላት የሚያስችል ሥርዓት አላት፤ በጭቃ የማለፏ ምሥጢር ግማሹ ይህ ነው። ሞዴሏ ይህ የላትም። የሞዴል ጎማ ውስጡ አየር ሳይሆን ስፖንጅ ነው፤ የስፖንጁ ልስላሴ የአየሩን ቦታ ይተካል። ጠንካራ ስፖንጅ ያለው ጎማ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ የላላው ደግሞ ጭነት ሲኖር ይጨፈለቃል። ጎማው አየር እንዲያስወጣ የተበሳ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ውሃ ይገባበታል፤ ስፖንጁ ውሃ ሲጠጣ ስድስቱ ጎማ ስድስት የተለያየ ክብደት ይኖረዋል። ቀዳዳውን ከጎማው አንስቶ ቸርኬው ላይ ማድረግ፣ ወይም እየነቀሉ ማድረቅ በዕቅዱ ውስጥ ቀድሞ መታሰብ አለበት።

ክብደቱም ከጎማው ተከትሎ ይመጣል። 8.4 ቶን በ1,728 ሲካፈል ከ4.9 ኪሎ ትንሽ ያነሰ ነው፤ ባዶዋ ሞዴል ይህን ያህል ብትመዝን አካሄዷ ለዓይን እውነት ይመስላል። 5 ቶን ጭነቷ 2.9 ኪሎ ይሆናል። በቡና አገር ላለ ሰው ይህን በሌላ መንገድ ማየት ይቻላል፤ አንድ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ በዚህ ልክ 35 ግራም ይመዝናል፣ ኦራሏም 83 ያህሉን ትጭናለች። ፍጥነቷን እንመልከት። ትልቋ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ ትንሿ 6 ኪሎ ሜትር ከተራመደች ይበቃታል፤ ይህ ፈጠን ያለ የሰው እርምጃ ነው። 105 ሚሊ ሜትር ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 33 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 9,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር ካለ፣ 28 ለ1 የሚቀንስ ማርሽ ሲገባ ከዚያ ፍጥነት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ሙሉ ጭነት ይዛ 30 ዲግሪ ዳገት ስትወጣ ግማሽ ክብደቷ፣ ወደ 3.9 ኪሎ፣ ወደ ኋላ ይጎትታታል። በሦስት አክስል ማርሾችና ኩሽኔታዎች ውስጥ ግማሹ ኃይል ቢባክን፣ ሞተሩ በ28 ለ1 ላይ 1.5 ኪሎ ሳንቲ ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያለማቋረጥ መስጠት ይኖርበታል፤ ይህ 540 ለሚባለው የተለመደ ሞተር የሚያግል ሥራ ነው። ወደ 40 ለ1 ቢወረድ ፍላጎቱ ወደ 1 ዝቅ ይላል፣ ፍጥነቱም ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር። እኔ ያለ ማመንታት 40ውን እመርጣለሁ። የፈጠነች ኦራል ማንንም አታሳምንም፤ በዝግታ ዳገት የምትወጣዋ ግን ታሳምናለች።

«ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት ይመጣል? ለሚዛንና ለቴፒ ልጅ የሚሆን አይደለም» የሚለው ቅሬታ ቀላል አይደለም። ግን ከጎማ የሚጀምር ዕቅድ ከጋቢና ከሚጀምረው ዕቅድ የሚረክሰው እዚህ ላይ ነው፤ የግድ ከውጭ የሚመጣውን ቀድሞ ይለያል። የሚመጡት ጎማውና ቸርኬው፣ ሦስቱ አክስሎች፣ ሞተሩና የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ሪሞቱና ባትሪው ናቸው። በአንድ ሻንጣ ጥግ ይገባሉ፤ ባትሪው ሲቀር። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ያለ አየር መንገድ ፈቃድም ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ 11.1 ቮልት 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነው 55.5 ዋት ሰዓት ስለሆነ ችግር የለውም። የቀረው ሁሉ አገር ውስጥ አለ። ሻንሲው ከላሜራ ወይም አሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩ ቤቶች ትራፊ ይወጣል። ለባሌስትራ ከባድ ዕቃ የሚታሰርበት የብረት ጥብጣብ ከመጠቅለያ ሲፈታ ስለሚጣል፣ እየቆረጡ መደራረብ ይበቃል። ጋቢናው የውሃ ማስተላለፊያ ፕላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቆ በሙቀት ሲዘረጋ ከሚገኘው ጠፍጣፋ ላይ ይቆረጣል፤ ይህ ሲሞቅ ጭሱ መርዝ ስለሆነ ሥራው ደጅ፣ በቀስታ ሙቀት፣ ሳይቃጠል መሆን አለበት።

የኋላው ባሌስትራ አሠራር በቅርበት ሊታይ የሚገባው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በኦራል ላይ ለኋለኞቹ ሁለት አክስሎች በግራም በቀኝም አንድ አንድ ባሌስትራ ብቻ አለ። ባሌስትራው መሃሉ ላይ በሻንሲው ስር ባለ አንድ ምሰሶ ይታሰራል፣ ሁለት ጫፎቹ በሁለቱ አክስሎች ላይ ያርፋሉ። መሃለኛው ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ባሌስትራው እንደ ሚዛን ያጋድልና ኋለኛውን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ አክስሎቹ ወደፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሹ የሚይዟቸው ዘንጎች ናቸው እንጂ ባሌስትራው አይደለም። ለየአክስሉ ለብቻው ባሌስትራ የሠራ ሰው ከፎቶው ጋር የሚመሳሰል ነገር ያገኛል፤ መኪናዋ ግን ጉብታ ላይ ስትወጣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ኃይሉም በእሱ በኩል ይጠፋል። ዘንጎቹን መሥራት የሚጠይቀው ጥቂት የብሎን ጫፍ፣ ዳዶና ትዕግሥት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ሥራውን ሳይሆን ምርጫውን የሚነካ ነው። ጦርነት በቅርቡ ባደማት አገር የጦር መኪና መጫወቻ ማድረግ ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኦራል ስትመጣ ያያት ሁሉ የደስታ ትዝታ የለውም። መልሴ ለዚህ ሰው ጥያቄውን አያስቀርለትም፤ ግን አንድ ነገር ይለያል። መኪናዋ መሣሪያ አይደለችም፣ ሮኬት ሲጫንባት መሣሪያ ትሆናለች፣ እህል ሲጫንባት ደግሞ የእህል መኪና ናት። ሠሪው የሚጭነውን የሚመርጠው ራሱ ነው። እኔ ብሆን አፈሙዙን ትቼ የቡና ጆንያ እጭንባታለሁ፤ የሠራዊት አርማና ታርጋም አልለጥፍባትም። ሌላም ተግባራዊ ጉዳይ አለ። ለልክ ብሎ በወታደር ካምፕ አጠገብ መኪና ፎቶ ማንሳት ችግር ያመጣል፣ አያስፈልግምም፤ የ375ዲ ሥዕልና ልክ በታተሙ መጻሕፍት ሞልቷል።

እነዚህ ሁሉ ከተወሰኑ በኋላ ጋቢናው ተራው ይደርሰዋል። በዚያን ጊዜ የአክስሎቹ ርቀት ይታወቃል፣ ሞተሩ በኮፈኑ ስር የት እንደሚያርፍ ይታወቃል፣ ሰርቮው ከፊት አክስል በላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወጣ ይታወቃል፤ ባትሪው ከጋቢናው ጀርባ ባለው ትርፍ ጎማ ስር ይደበቅ ወይስ በጭነት ሳጥኑ ወለል ስር ይግባ የሚለውም ይወሰናል። ከባዱ ነገር ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ሲጠጋ ዳገት ላይ መሪዋ አይቀልም፤ ስለዚህ ቦታ ካለ ባትሪው ከፊት ይሁን። ጋቢናው መጀመሪያ በካርቶን ይቆረጣል፣ ይለካል፣ አልገጥም ካለም ይጣልና ሌላ ይቆረጣል። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ ሲዞር የፊት ጎማው ፓራፋንጎውን ካልነካ፣ አንደኛው ጎማ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲገፋም እንዲሁ ካልነካ፣ የካርቶኑ ልክ ወደ ላሜራው ወይም ወደ ፕላስቲኩ ይተላለፋል።